በጥርስ ራጅ ጥግ የሚታየው መገጣጠሚያ

ተጠራጣሪ፦ ከክብረ መንግሥት፣ ከሻኪሶ ወይም ከነገሌ ቦረና ተነሥቶ፣ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሱ እንቅልፍ ነስቶት ፓኖራሚክ ራጅ ወደሚነሣበት ከተማ የተላከ ሰው የሚጠብቀው አንድ መልስ ነው፤ ጥርሱ ይነቀላል ወይስ አይነቀልም። ይህ ሰው ስለ አገጩ አከፋፈትም ሆነ አዘጋግ አንድም ቅሬታ ሳያሰማ፣ ምስሉን የሚያነበው ባለሙያ ከጆሮ ፊት ያለውን የአጥንት ቅርጽ አጥንቶ «ያልተለመደ አፈጣጠር ታይቷል» ብሎ ቢጽፍ ለታካሚው ምን እንደሚጨምርለት ግልጽ አይደለም። ጥያቄው ከሕመምተኛው አፍ የወጣ ሳይሆን መሣሪያው ስላሳየ ብቻ የተፈጠረ ይመስላል።

ደጋፊ፦ መሣሪያው ስላሳየ መፈጠሩ አይካድም፤ ግን ይህ ብቻውን ነቀፌታ አይሆንም። ፓኖራሚክ ራጅ ማለት ታካሚው እንደቆመ ወይም እንደተቀመጠ ጨረር አመንጪውና ጨረር ተቀባዩ በጭንቅላቱ ዙሪያ እየዞሩ፣ የላይኛውንና የታችኛውን መንጋጋ ከነጥርሶቻቸው በአንድ ጠፍጣፋ ምስል ላይ ዘርግተው የሚያሳዩበት ዘዴ ሲሆን፣ ፊንላንዳዊው ይርዮ ፓቴሮ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሠራው ሥራ ነው ለሕክምና የበቃው። በዚህ ምስል ግራና ቀኝ ጥግ ላይ፣ ታካሚው ቢጠይቅም ባይጠይቅም፣ ሁለቱ የመንጋጋ መገጣጠሚያዎች ይወጣሉ። መንገዱ ተሂዷል፣ ክፍያው ተከፍሏል፣ ጨረሩም ተወስዷል፤ ለዚያውም የጨረሩ መጠን በአብዛኛው ከ0.01 እስከ 0.025 ሚሊ ሲቨርት አካባቢ ነው፤ ሚሊ ሲቨርት ጨረር በሰውነት ላይ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት የሚሰፈርበት መለኪያ ነው። ሰው ከአፈር፣ ከዐለት፣ ከምግብና ከሕዋ በተፈጥሮ የሚያገኘው በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊ ሲቨርት ስለሆነ፣ አንድ ፓኖራሚክ የጥቂት ቀናት የተፈጥሮ ጨረር ያህል ነው። ስለዚህ የቀረው ማንበብ ብቻ ነው።

ተጠራጣሪ፦ «ማንበብ ብቻ» የሚለው አነጋገር ንባቡን ያለ ወጪ ያስመስለዋል። አንድ የተጻፈ መስመር ታካሚውን ለሁለተኛ ምርመራ፣ ለሁለተኛ ጉዞ፣ ለሁለተኛ የአልጋ ኪራይ ይዳርጋል። ክብረ መንግሥት ከአዲስ አበባ በደቡብ 470 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ነገሌ ደግሞ ከእርሷም አልፎ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከወጪው በፊት ግን አንድ ነገር ይብራራ፤ በዚህ መገጣጠሚያ ላይ «ልዩነት» የሚባለው ከምን የተለየ ሲሆን ነው?

ደጋፊ፦ የመገጣጠሚያው አሠራር ቀላል አይደለም። የታችኛው መንጋጋ በሁለቱም ጫፎቹ ወደ ላይ ወጥቶ በሞላላ የአጥንት እራስ ያበቃል፤ ይህ እራስ ኮንዳይል ይባላል። ከግራ ወደ ቀኝ ሲለካ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር፣ ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ ግን ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሚያርፈው ከጆሮ ቀዳዳ ፊት፣ በጭንቅላት አጥንት ሥር ባለ ጎድጓዳ ስፍራ ሲሆን፣ ከጉድጓዱ ፊት ጉብታ አለ፤ በኮንዳይሉና በጉድጓዱ መካከል ደግሞ ዲስክ የተባለ፣ አጥንት ያልሆነ ጠንካራና ተለማጭ ሽፋን ይገባል። አፍ ሲከፈት ኮንዳይሉ እንደ ዘነዘና በሙቀጫው ውስጥ ብቻ እየዞረ አይቀርም፤ መጀመሪያ ይዞራል፣ ቀጥሎም ዲስኩን ይዞ በጉብታው ቁልቁለት ወደ ፊት ይንሸራተታል። በሰውነት ውስጥ ከመካከላቸው አንዱ ሳይንቀሳቀስ ሌላው ሊንቀሳቀስ የማይችል፣ በአንድ አጥንት የተያያዙ የግራና የቀኝ መገጣጠሚያዎች እነዚህ ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። ልዩነት የሚባለው በእነዚህ ክፍሎች ቅርጽና መጠን ላይ የሚገኝ፣ በሽታ ሳይሆን አፈጣጠር የሆነ ነገር ነው፤ ኮንዳይሉ ክብ፣ ጠፍጣፋ ወይም ሹል ሊሆን ይችላል፣ በመካከሉ ተሰንጥቆ ባለ ሁለት ራስ ሊሆን ይችላል፣ ጉብታው ውስጡ የአየር ክፍሎች ሊኖሩት ይችላሉ፣ ኮሮኖይድ የሚባለው ከኮንዳይሉ ፊት ያለው የአጥንት ቀንድ ከመጠን በላይ ሊረዝም ይችላል።

ተጠራጣሪ፦ ገለጻው የመገጣጠሚያውን ውስብስብነት በማሳየቱ የተቃውሞው ደጋፊ ሆኗል። ታካሚው ፓኖራሚክ ሲነሣ የላይኛውና የታችኛው የፊት ጥርሶቹ ጫፍ ለጫፍ እንዲገጥሙ ትንሽ መንከሻ ይሰጠዋል፤ በዚህም የታችኛው መንጋጋ ወደ ፊት ስለሚወጣ ኮንዳይሉ ከተለመደው ማረፊያው ተነሥቶ ነው የሚታየው። ስለዚህ ኮንዳይሉ በጉድጓዱ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ከዚህ ምስል ማወቅ አይቻልም። ጨረሩም መገጣጠሚያውን በቀጥታ ከጎን ሳይሆን ሰያፍ ሆኖ ያልፈዋል፤ በዚህ ምክንያት በግልጽ የሚወጣው በተለይ የኮንዳይሉ የውጭ ክፍል ሲሆን፣ የጉንጭ አጥንትና የጭንቅላት ሥር አጥንት ጥላ ይደረብበታል። ታካሚው ጭንቅላቱን ጥቂት ወደ አንድ ወገን ካዞረ ደግሞ ከተቀባዩ የራቀው ወገን ገዝፎ፣ የቀረበው አንሶ ይወጣል። ባለሙያው «የቀኙ ኮንዳይል ከግራው ይበልጣል» ብሎ የሚጽፈው የሰውየውን አጥንት ሳይሆን የአንገቱን አቋቋም ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ከነጭራሹ አይታይም፤ በራጅ የሚታየው አጥንት ነውና። የመገጣጠሚያው አብዛኛው ችግር ደግሞ ከአጥንቱ ሳይሆን ከዲስኩና ከማኘኪያ ጡንቻዎች የሚመነጭ ነው።

ደጋፊ፦ ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ፓኖራሚክ የመገጣጠሚያ ምርመራ ነው የሚል ባለሙያ ካለም ተሳስቷል። ነገር ግን አንድ መሣሪያ የማያሳየው ነገር መኖሩ የሚያሳየውን አይሽረውም። የኮሮኖይድ ርዝመት በፓኖራሚክ በጥሩ ሁኔታ ይታያል፤ ጫፉ ከኮንዳይሉ በላይ ወጥቶ ከጉንጭ አጥንት ኋላ ሲገባ ለማየት የላቀ መሣሪያ አያስፈልግም። በጉብታው ውስጥ ያሉ የአየር ክፍሎች ድንበራቸው የለየ፣ የአጥንቱን ጠርዝ ያልበሉ ጥቋቁር ክፍት ቦታዎች ሆነው ይታያሉ። ባለ ሁለት ራስ ኮንዳይልም ስንጥቁ ጥልቅ ሲሆን ይለያል። ፓኖራሚክ በአጥንት መበላትና መለወጥ ረገድ ብዙ ነገር ያልፈዋል፤ ሲቲ ስካን ያገኘውን ለውጥ እርሱ ብዙውን ጊዜ አያገኘውም። በአንጻሩ በግልጽ «አለ» ሲል መሳሳቱ ጥቂት ነው። ስለዚህ «ምንም የለም» የሚለው ቃሉ አይታመንም፣ «ይህ አለ» የሚለው ግን ዋጋ አለው።

ተጠራጣሪ፦ ዋጋው ለማን ነው? ባለ ሁለት ራስ ኮንዳይልን አሌሽ ህርድሊችካ የተባለው የሰው ዘር አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1941 የገለጸው በደረቁ የራስ ቅሎች ላይ ነበር፤ ቅሎቹም ስለ ሕመማቸው የሚናገሩት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በሕያዋን ላይ የተገኘውም በአብዛኛው ያለ ምንም ምልክት፣ ለሌላ ጉዳይ በተነሣ ራጅ ላይ በአጋጣሚ ነው። የአየር ክፍሎቹም እንዲሁ ከመቶ ሰው በጥቂቱ ይገኛሉ፤ ባለቤቶቻቸው ያኝካሉ፣ ይስቃሉ፣ ይዘፍናሉ። ልዩነትን እንደ ጉድለት የመቁጠር ልማድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ደግሞ ሩቅ ሳይኬድ ከቦረና በስተምዕራብ ያለው የኮንሶ ምድር ይመሰክራል። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተገኘው፣ 1.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው የአውስትራሎፒቴከስ ቦይሰይ ቅል፣ ለዚህ ዝርያ ከታችኛው መንጋጋው ጋር የተገኘ የመጀመሪያው ቅል ነበር። ጌን ሱዋ፣ ብርሃነ አስፋው፣ ዮናስ በየነና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት ሲገልጹት፣ አጥኚዎች ዝርያን ከዝርያ ሲለዩባቸው የነበሩ አንዳንድ ምልክቶች በአንድ ግለሰብ ላይ ተቀላቅለው መገኘታቸውን አሳዩ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የአንድ ሕዝብ አባላት እርስ በርሳቸው ከሚገመተው በላይ ይለያያሉ፣ ጥቂት ቅሎችን አይቶ «ልኩ ይህ ነው» ያለ ሰውም ቀጥሎ የሚመጣውን ቅል እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል።

ደጋፊ፦ የኮንሶው ቅል ለተቃራኒው ወገንም ይመሰክራል። ልዩነቱ ልዩነት መሆኑ የታወቀው የሚያየው ሰው ስላየውና በዝርዝር ስለመዘገበው ነው፤ «አያስፈልግም» ብሎ ያለፈው ቢሆን ኖሮ የቀድሞው አመዳደብ እስከ ዛሬ በጸና ነበር። በኢትዮጵያ የተገኙ ቅሪተ አካላት በምስል ጥናት ብዙ ተደክሞባቸዋል። ሉሲ እ.ኤ.አ. በ2008 በቴክሳስ ኦስቲን በሲቲ ስካን ስትነሣ ከ35,000 በላይ ቁራጭ ምስሎች ተወስደውላታል። የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጥንት እንዲህ ሲመረመር፣ ዛሬ በአዶላ ወረዳ የሚኖር ሰው መንጋጋ ግን ተነሥቶ ሳይነበብ በፖስታ ታሽጎ መመለሱ ሚዛኑን የጠበቀ አይደለም።

ተጠራጣሪ፦ ለሉሲ ጨረር አያሰጋትም፣ በተነበበው ነገርም እንቅልፍ አታጣም፤ ንጽጽሩ እዚህ ላይ ይሰበራል። ሕያው ሰው ላይ የሚታመነው መጠየቅና መዳሰስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመሞች መለያ መስፈርት የመጀመሪያውን ቦታ የሚሰጠው ለታካሚው ቃልና ለእጅ ምርመራ ሲሆን፣ ምስል የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ የቀረ ጥርጣሬ ሲኖር ነው። ኤም አር አይ ዲስኩን እንኳ ሳይቀር የሚያሳይ መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር ከሦስቱ የአንዱ ገደማ ዲስክ ከቦታው ሸሽቶ ተገኝቷል። ታዲያ ምስል ከሕመም ጋር ይህን ያህል የማይገጥም ከሆነ፣ ታካሚው ሦስት ጣቱን አቀናጅቶ በጥርሶቹ መካከል ማስገባት መቻሉን ማየት ከማንኛውም ራጅ ይበልጣል። ሦስት ጣት 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ይህም የተለመደው የአፍ አከፋፈት ነው፤ ምርመራው መብራትም ሆነ ገንዘብ አይፈልግም፣ በጤና ኬላም ይሠራል።

ደጋፊ፦ የሦስት ጣቱ ምርመራ በእርግጥ ከሁሉ መቅደም አለበት፤ በየጤና ጣቢያው በወጉ ቢሠራበት ብዙ ነገር በጊዜ ይታወቅ ነበር። ይሁን እንጂ የሚናገረው አፍ አለመከፈቱን እንጂ ያልተከፈተበትን ምክንያት አይደለም። አፉ አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ የአሥር ዓመት ልጅ ቢመጣ፣ የጡንቻ መኮማተር ሊሆን ይችላል፣ ከጥርስ የተነሣ መግል ሊሆን ይችላል፣ ቁስል ካለበትና ነገሩ ድንገተኛ ከሆነ መንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ይችላል፤ ቆይቶ የመጣ ከሆነ ደግሞ አንኪሎሲስ፣ ማለትም መገጣጠሚያው በጠባሳ ወይም በአጥንት ተጣብቆ መቅረት፣ ወይም የረዘመ ኮሮኖይድ ከጉንጭ አጥንት ጋር መጋጨት ሊሆን ይችላል። የእነዚህ ሕክምና ፍጹም የተለያየ ነው። አንኪሎሲስ የተጣበቀውን አጥንት ቆርጦ ማንሣትን ይጠይቃል፣ ኮሮኖይዱ ግን መገጣጠሚያው ሳይነካ ብቻውን ሊነሣ ይችላል። ሁለቱንም ከውጭ ሲያዩአቸው ሕመም የሌለው፣ ቀስ በቀስ የጠበበ አፍ ናቸው። በአንድ ፓኖራሚክ ላይ ግን የመጀመሪያው የመገጣጠሚያው መስመር ጠፍቶ የአጥንት ጉብታ የሞላበት፣ ሁለተኛው መገጣጠሚያው ደህና ሆኖ ቀንዱ የወጣበት ምስል ይሰጣሉ።

ተጠራጣሪ፦ ያ ልጅ ታሟል፤ ቅሬታ አለው፣ ምስል ይታዘዝለታል። ክርክሩ ግን ቅሬታ ስለሌለው ሰው ነው። የታመመውን ምሳሌ አምጥቶ ጤነኛውን ለመመርመር ማስፈቀጃ ማድረግ አይገባም።

ደጋፊ፦ በሕመምና በጤና መካከል ያለው ድንበር በልጆች ላይ እንዲህ የተሰመረ አይደለም። ልጅ ከአህያ፣ ከዛፍ ወይም ከሞተር ሳይክል ወድቆ አገጩ ሲመታ፣ ጉልበቱ በአጥንቱ ተጉዞ ኮንዳይሉን ይሰብረዋል፤ ቤተሰቡ የሚያየው የአገጩን ቆዳ መቀደድ ነው፣ የሚሰፋውም እርሱ ነው። ስብራቱ ሳይታወቅ በመገጣጠሚያው ውስጥ የፈሰሰው ደም ጠባሳ ሆኖ፣ ጠባሳው አጥንት ሆኖ፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ አፉ ይጠብባል። ኮንዳይል የመንጋጋ እድገት አንዱ ማዕከል ስለሆነም አገጩ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ይጣመማል፣ አተነፋፈሱ በእንቅልፍ ይታወካል፤ ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልገውም ሰመመን ሰጪው የመተንፈሻ ቱቦ የሚያስገባበት አፍ ያጣል። የቆየ የጆሮ መግልም ወደ መገጣጠሚያው አልፎ ወደዚያው ሊያደርስ ይችላል። እንግዲህ ይህ ልጅ አፉ ገና ሳይጠብብ ለተበላሸ ጥርስ ፓኖራሚክ ቢነሣና አንዱ ኮንዳይል አጥሮና ጠፍጥፎ ቢታይ፣ አንባቢው ዓይኑን ከጥርሱ ላይ ባለማንሣቱ ያለፈው ነገር እንደ አዲስ አበባው የካቲት 12 ባለ ሆስፒታል የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ጉዳይ ሆኖ ይመለሳል።

ተጠራጣሪ፦ የልጁ ነገር ክብደት አለው፤ አገጩ ላይ ጠባሳ ያለበት ልጅ ራጅ በጥርሱ ብቻ ተነብቦ መታለፍ እንደሌለበት መቀበል ይገባል። ይህ ግን የጉዳት ፍለጋ እንጂ የአፈጣጠር ልዩነት ፍለጋ አይደለም። የአርባ ዓመት ነጋዴ፣ አፉ ሦስት ጣት የሚያስገባ፣ ጉብታው ውስጥ አየር እንዳለ ቢነገረው ምን ያደርጋል?

ደጋፊ፦ ምንም አያደርግም፤ ሊደረግበት የሚፈለግ ነገር ሲመጣ ግን ጉዳዩ ይለወጣል። አገጩ ደጋግሞ የሚወልቅ ሰው አለ፤ ሲያዛጋ ኮንዳይሉ ጉብታውን ተሻግሮ ይቀራል፣ ወጌሻውም አውራ ጣቶቹን በታችኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ላይ አድርጎ ወደ ታች ተጭኖ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። መውለቁ ሲደጋገም ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ ጉብታውን ቆርጦ ዝቅ ማድረግ ነው። ጉብታው ውስጥ የአየር ክፍሎች ካሉ ደግሞ እነዚህ ክፍሎች ከጆሮ ኋላ ካለው ማስቶይድ ከተባለው አጥንት ጋር የተያያዙ ስለሆኑ፣ የጆሮ መግል ወደ መገጣጠሚያው መንገድ ያገኛል፣ ቀጭኑ አጥንትም በቀላሉ ይሰበራል። በሌላ በኩል ክፍሎቹን የማያውቃቸው አንባቢ እንደ እጢ ወይም እንደ ኪስ ፈሳሽ አይቶ ታካሚውን ላላስፈላጊ ቀዶ ሕክምና ሊዳርገው ይችላል። ልዩነትን ማወቅ ሰውን በሽተኛ ከማድረግ ይልቅ ከሐሰተኛ በሽታ የሚያድንበት ቦታ ይህ ነው።

ተጠራጣሪ፦ እርስዎ ያነሡት የመጨረሻው ነጥብ ከቀደሙት ሁሉ ይበረታል፤ አላዋቂ አንባቢ ከዝምተኛ አንባቢ ይከፋልና። ሆኖም ይህ የሚያስፈልገው ልዩነትን ለይቶ «ደህና ነው» ማለት የሚችል ባለሙያ ነው። ራጁን የሚያነሣው ባለሙያና ጥርሱን የሚነቅለው ሐኪም በየትምህርታቸው ስለ ጥርስ የሰለጠኑትን ያህል ስለ ጉብታና ስለ ኮሮኖይድ ካልሰለጠኑ፣ ጥርጣሬያቸውን የሚያስተላልፉት ወደ ላይ ነው። ከፓኖራሚክ ወደ ኮን ቢም ሲቲ፣ ማለትም መንጋጋን በሦስት አቅጣጫ ወደሚያሳየው የጥርስ ሲቲ ይኬዳል፤ ጨረሩም እንደ መሣሪያውና እንደ ምስሉ ስፋት ከፓኖራሚክ ጥቂት እጥፍ አንሥቶ እስከ ብዙ አሥር እጥፍ ይደርሳል። ኢትዮጵያ ከአዋጅ ቁጥር 79/1986 ጀምሮ እስከ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ድረስ የጨረር ቁጥጥር ሕግ ያወጣችው ጨረር ከጥቅሙ ጋር ተመዝኖ እንዲሰጥ ነው። «ለማንኛውም እንየው» የሚለው ትእዛዝ በዚህ ሚዛን አይቆምም።

ደጋፊ፦ በዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ቅሬታ የሌለው ሰው ለልዩነት ብሎ አዲስ ራጅ መነሣት የለበትም፣ በጥርሱ ምክንያት ከተነሣው በላይም መሄድ የለበትም። የተያዘው አቋም አንድ ብቻ ነው፤ የተነሣው ምስል ከጥግ እስከ ጥግ ይነበብ።

ተጠራጣሪ፦ ይነበብ ማለትና ይጻፍ ማለት ግን አንድ አይደሉም። የልዩነቶቹ ድግግሞሽና ልኬት በአብዛኛው የተጠናው በሌሎች አገሮች ሕዝቦች ላይ ነው። ቦረናና ጉጂ፣ ሲዳማና ጌዴኦ፣ ለሥራ ወደ ሻኪሶ ወርቅ ማውጫ የመጣው ሰው ሁሉ በሚኖርበት አካባቢ «ያልተለመደ» ተብሎ የሚጻፈው ከየትኛው ሕዝብ ልማድ ጋር ተመዝኖ ነው? ጫት ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ ይዞ የሚውል ሰው መንጋጋ፣ ጠንካራ ምግብ ሲያኝክ ያደገ ሰው ኮንዳይል፣ ለስላሳ ምግብ ከሚበላ ከተሜ ጋር አንድ ልክ ሊሰፈርለት ነው?

ደጋፊ፦ ለዚህ መልሱ መዝገብ ነው። በየሆስፒታሉ ለጥርስ የተነሡት ምስሎች ከተጠበቁና በአንድ ዓይነት መንገድ ከተነበቡ፣ የአካባቢው ልማድ ምን እንደሆነ ከአካባቢው ሰው ይታወቃል፤ ከባሕር ማዶ ልክ መዋስ የሚቀረው ያን ጊዜ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ያ ከሆነ ጥናት ነው፣ ሕክምና አይደለም። ጥናት የራሱ ፈቃድና የራሱ ሥነ ምግባር አለው፤ ታካሚው ጥርሱን ሊያስነቅል ገብቶ የመረጃ ምንጭ ሆኖ ሊወጣ አይገባም። ለሕዝብ የሚጠቅም እውቀትና ለዚህ ሰው የሚጠቅም እርዳታ ተቀላቅለው ሲቀርቡ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ግለሰቡ ነው።

ደጋፊ፦ ጥናቱ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መጻፉ ለግለሰቡም ይጠቅመዋል። ያ የአርባ ዓመት ነጋዴ ከዓመታት በኋላ ከሞተር ሳይክል ወድቆ አገጩ ቢመታ፣ በዚያን ጊዜ በሚነሣው ራጅ ላይ ባለ ሁለት ራስ ኮንዳይል ቢታይ፣ የሚያየው ሐኪም የስብራት ውጤት ነው ወይስ የቆየ አፈጣጠር ነው ብሎ ይጨነቃል፤ ባለ ሁለት ራስነት በጉዳትም በአፈጣጠርም ይመጣልና። ከአደጋው በፊት የተነሣው ምስልና በእርሱ ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ጥያቄውን በአንድ እይታ ይዘጉታል። የጉዳት ካሳ ክርክር ቢነሣም እንዲሁ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ምስሉ ከተገኘ ነው። ታካሚው ፊልሙን ወይም ሲዲውን በፌስታል ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ፊልሙ በጣራ ሥር፣ በሳጥን ግርጌ፣ በሙቀትና በአቧራ ይቆያል፣ ወይም ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ «ምን ያደርጋል» ተብሎ ይጣላል። የተጻፈው ውጤት ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። «ባለ ሁለት ራስ» የሚለው ቃል ከወረቀቱ ወጥቶ በጎረቤት ተተርጉሞ ሲደርስ፣ የሰማው ቤተሰብ ወይፈን ሸጦ አዲስ አበባ ይመጣል፤ እዚያም «ምንም የለብህም» ይባላል። ይህ ጉዳት በሚሊ ሲቨርት አይለካም።

ደጋፊ፦ ስለዚህ መስመሩ ሁለት ክፍል ይኑረው፤ የታየው ነገር ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎም ምን እንደማያስፈልገው። «በቀኝ ኮንዳይል ላይ ስንጥቅ ታይቷል፤ የአፍ አከፋፈቱ የተለመደ ስለሆነ ተጨማሪ ምርመራ አያስፈልግም፣ የአገጭ ጉዳት ከደረሰ ወይም ቀዶ ሕክምና ከታሰበ ይህ ምስል ይታይ» ተብሎ ይጻፍ። ይህ መስመር የተጻፈለት ቀጣዩ ሐኪም ነው። ለታካሚው ደግሞ ወረቀቱ ከእጁ ከመግባቱ በፊት በቃል ይነገረው።

ተጠራጣሪ፦ በየትኛው ቋንቋ?

ደጋፊ፦ ለጉጂው በአፋን ኦሮሞ፣ ለሲዳማው በሲዳምኛ፣ ታካሚው መልሶ በራሱ ቃል እስኪናገረው ድረስ። አስተርጓሚ የማይገኝበት፣ ወይም ለዚህ የሚሆን አምስት ደቂቃ የሌለበት ክፍል ከሆነ፣ ጤነኛ ሰው ላይ የታየው ልዩነት በሆስፒታሉ መዝገብ ይያዝ እንጂ ታካሚው ይዞት በሚሄደው ወረቀት ላይ አይስፈር።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲያው የአብዛኛው ታካሚ ውጤት ሳይጻፍለት ይቀራል፤ ያ ነጋዴም ከሞተር ሳይክሉ ሲወድቅ የሚወሰደው መዝገቡ ወደሌለበት ሆስፒታል ነው።